ዳኛው ከቆመበት ሲታይ



አዘጋጆቹ ስለ ልጆችና ስፖርት ተናገር ሲሉኝ ስለ ጤና ወይም ስለ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ያወራል ብለው ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ጩኸት ልናገር ነው። የጮኸውም ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔው ነኝ።

ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከ12 ዓመት በታች በሚጫወቱት ምድብ ሶፍትቦል ትጫወታለች። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሽቦው አጥር ጀርባ ቆሜ ሦስት ኢኒንግ፣ ማለትም ሦስት ዙር ሙሉ፣ ዳኛው ላይ ጮህኩ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፤ ንዴቱ ሲብስብኝ ወደ አማርኛ ዞርኩ። «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ይቺ እንዴት ስትራይክ ትሆናለች? ዓይን የለህም?» አጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች ቃሉ ባይገባቸውም ዜማው የገባቸው ይመስለኛል፤ ወንበራቸውን ትንሽ ራቅ አደረጉ።

የመጨረሻው ኢኒንግ ደረሰ። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው፤ ሁለት አውት ሆኖብናል፣ ማለትም ሁለት ልጆች ወጥተውብናል፤ አንደኛው ቤዝ ላይ የኛ ልጅ ቆማለች። መቺዋ ልጄ ናት። ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮባታል። ሦስተኛዋን ኳስ ባላት ኃይል ሰነዘረችና ሳተቻት። ኳሷ መሬት ነጥራ፣ ከመቺዋ ጀርባ ኳስ የምትቀበለውን ካቸር አልፋ፣ አጥሩ ሥር ሄዳ ተወሸቀች። ዳኛው ቡጢውን ጨብጦ አነሣ፤ አውት፤ ጨዋታው አለቀ። በዚህችኛዋ ምንም አላልኩም። ስትስታት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ምን እላለሁ? እንዲያውም አጨበጨብኩላት።

መኪና ውስጥ ገብተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «አባዬ፣ እኮ መሮጥ እችል ነበር» አለችኝ።

ሕጉን ከሷ ነው የተማርኩት። ካቸሯ ሦስተኛውን ስትራይክ ካልያዘች መቺዋ ወደ አንደኛ ቤዝ መሮጥ ትችላለች። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለ አትችልም። ሁለት አውት ከሆነ ግን ሯጭ ኖረም አልኖረም ትችላለች። ዳኛው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አስታውሶ ሦስተኛውን ረሳ።

«ታዲያ ለምን ለአሠልጣኝሽ አልነገርሽም?»

«ሁሉም ሰው ሲጮኽ ነበር የቆየው።»

ሁሉም ሰው ያለችው እኔን ነው። ጨዋ ልጅ አባቷን በብዙ ቁጥር ትጠራለች።

ያን ሌሊት ተኝቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ሦስት ኢኒንግ ሙሉ የጮህኩባቸው ውሳኔዎች ሁሉ ዳኛው በዓይኑ አይቶ የፈረዳቸው ናቸው፤ ቦል ወይስ ስትራይክ፣ ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም። እነዚህን ማንም ይግባኝ ብሎ አያስለውጣቸውም። ይግባኝ የሚባልባት አንዲቷ ስታልፍ ግን አጨብጭቤ ሸኘኋት። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ይሄው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

አማርኛችን ችሎት ላይ ለሚቀመጠውም ሜዳ ላይ ለሚቆመውም ያለው አንድ ቃል ነው፤ ዳኛ። እንግሊዝኛው ሁለቱን ለይቶ ይጠራል። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን አምፓየር ሲሉ የሚታያቸው ጭንብልና ብሩሽ ነው። እኛ ዳኛ ስንል ግን ከቃሉ ጋር ፍርድ ቤቱ፣ ቀጠሮው፣ ጉቦው ተከትሎ ይመጣል። አዲስ አበባ ስታዲየም ያደገ ሰው ደግሞ «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ይጨመርበታል። ስለዚህ ዳኛ ሲሳሳት ተሳሳተ ለማለት ይቸግረናል፤ በደለኝ ማለት ይቀናናል።

አያቶቻችን ዘንድ ግን ሌላ ዓይነት ዳኛም ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተካሰሱ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ በቁራኛ ተያይዘው፣ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ ሁነን ይሉት ነበር። ሰውየው ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፣ ምናልባት ገበያ ሊሄድ የወጣ ነው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ያዳምጣል። ሥልጣኑን የሰጡት ሁለቱ ተሟጋቾች ናቸው፤ ተሟጋቹም የሚደነቀው በነገር አዋቂነቱ፣ ጠይቆ በማፋጠጡ ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል ደግሞ እንኳን ሰው የሚፈስ ውኃም ይቆማል ይባል ነበር።

የልጆች ሶፍትቦል ዳኛ የሚመስለኝ ያን የመንገድ ዳኛ ነው። በሕግ አምላክም አለው፤ አሠልጣኙ ታይም ብሎ ይጠይቃል፣ ዳኛው ሁለት እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ሜዳው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቀጥ ይላል። አሠልጣኙ ቀስ ብሎ ወደሱ ይሄድና «ምን አዩ?» ይለዋል። ተሳስተሃል አይለውም፤ ያየውን እንዲናገር ነው የሚጠይቀው። ዳኛው «ሦስተኛው ስትራይክ ተወርውሯል፣ ካቸሯ አልያዘችም፣ አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች፣ ስለዚህ አውት» ካለ ያየው ልክ ነው፤ የጠቀሰው ሕግ ግን ጎዶሎ ነው። «ስንት አውት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ይህ ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር መባል አለበት። ጨዋታው በዚያው ካበቃ ደግሞ ዳኛው ሜዳውን ሳይለቅ። መኪና ውስጥ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዘግይቷል።

በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የዳኞች ሥልጠና ሲዘጋጅ ሄጄ ተመዘገብኩ። ልጄን ለመካስ ነው ብል ያምርብኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዳኞቹን ላሳያቸው ብዬ ነው። ከኔ የተሻለ የሚያይ የለም ብዬ።

እስቲ ከኔ ጋር ካቸሯ ጀርባ ቁሙ። ፊታችሁ ላይ የብረት ጭንብል፣ ደረታችሁ ላይ መከላከያ፣ በግራ እጃችሁ ቦልና ስትራይክ የምትቆጥሩባት ትንሽ መሣሪያ። ከፊታችሁ ሆም ፕሌት አለ፤ ስፋቱ 17 ኢንች ነው፣ አንድ ክንድ አይሞላም። ኳሷ ስትራይክ የምትባለው፣ መቺዋ ባትሰነዝርም፣ ከዚያ ነጭ ጎማ በላይ፣ ከብብቷ በታች፣ ከጉልበቷ ጫፍ በላይ ባለው አየር ውስጥ ካለፈች ነው፤ ከዚያ ውጪ ካለፈችና መቺዋ ካልሰነዘረች ቦል ናት። ያንን አየር የከበበ ክር የለም፣ መስኮትም የለም፤ በልባችሁ የምትሥሉት ነው። መቺዎቹ ደግሞ ቁመታቸው ስለሚለያይ ሥዕሉን በየልጅቷ ትደመስሱና እንደገና ትሥላላችሁ። ወርዋሪዋ 40 ጫማ ርቀት ላይ ናት። በሰዓት 50 ማይል የምትወረውር ጎበዝ ልጅ ከሆነች ኳሷ እናንተ ጋ ለመድረስ የሚበቃት ከግማሽ ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። በመጨረሻዋ ቅጽበት ካቸሯ ብድግ ትልና ትጋርዳችኋለች። ከዚያ ፍረዱ።

መጀመሪያ በዳኘሁት ጨዋታ ሁለተኛ ኢኒንግ ላይ አንዲት ኳስ አለፈች። ቦል ነበረች ወይስ ስትራይክ? ዛሬም አላውቅም። ስትራይክ አልኩ፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ከ10 ዓመት በታች ያሉት ዘንድ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ርቀቱ 35 ጫማ ነው፤ ትንንሾቹ አቅም ስለሚያንሳቸው ኳሷ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጣ ነው የምትመጣው። ሆም ፕሌቱ ላይ ስትደርስ በጉልበትና በብብት መካከል ታልፋለች፤ ካቸሯ ጋ ስትደርስ ቁርጭምጭሚት ላይ ወይም መሬት ላይ ናት። ወላጅ የሚያየው ካቸሯ የያዘችበትን ነው። ካቸሯ የትም ትያዛት፣ ሕጉ ግድ የለውም። ሌላም ልጨምር፤ አብዛኞቻችሁ ወንበራችሁን የምትዘረጉት በአንደኛው ወይም በሦስተኛው ቤዝ በኩል፣ በጎን ነው። ከጎን የተቀመጠ ሰው ኳሷ ከፍ ማለቷን ወይም ዝቅ ማለቷን ሊያይ ይችላል። ከዳር ወጥታ ማለፏን ግን ሊያይ አይችልም፤ ፈጽሞ። «በጣም ውጪ ናት!» ብላችሁ ስትጮኹ ያላያችሁትን ነው የምትመሰክሩት።

ከሁሉ የገረመኝ የድምፁ ነገር ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጯና ኳሷ እኩል ሲደርሱ ዳኛ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ስለዚህ የሚማረው ዘዴ ዓይኑን የሯጯ እግር ላይ፣ ጆሮውን ጓንቱ ላይ ማድረግ ነው፤ ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ ጧ ትላለች፣ እግሩ ቀደመ ወይስ ጧታው? ጥሩ ዘዴ ነው፣ ቅርብ ከቆምክ። በልጆች ጨዋታ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ዳኛ ብቻ ነው፤ ከሆም ፕሌት ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ቤዝ እሱው ይጠብቃል። ከሆም እስከ አንደኛ 60 ጫማ ነው። ድምፅ ያችን መንገድ ለመጨረስ ከአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ ያህል ይፈጅበታል። ኢምንት ነው ትሉኝ ይሆናል። በዚያች ኢምንት ግን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንድ ጫማ ያህል ትሮጣለች። እንግዲህ ከሩቅ የቆመው ዳኛ እግሩን በጊዜው ያያል፣ ጧታውን ዘግይቶ ይሰማል፤ አውት የሆነችውን ልጅ ደርሳለች ይላል። አልዋሸም፣ አላዳላም። ጆሮው የነገረውን ነው የተናገረው። ለዚህ ነው ደህና ዳኛ ኳሷ እንደተመታች ጭንብሉን አውልቆ ወደ ሜዳው ውስጥ የሚሮጠው። እሱ ሲሮጥ እናንተ ዝም በሉ፤ ድምፅ እየፈለገ ነው።

ይህ የልጆች ሜዳ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓመቱን በፈረንጅ ልቁጠርና በ2010፣ ጁን 2፣ ዲትሮይት ውስጥ፣ አርማንዶ ጋላራጋ የሚባል የቬንዙዌላ ተወላጅ ወርዋሪ 26 መቺዎችን ተራ በተራ፣ አንዱንም ቤዝ ሳያስደርስ፣ ከሜዳ አስወጣ። አንድ ሲቀረው ነው። በቤዝቦል ታሪክ እጅግ ጥቂቶች ብቻ ያገኙት ፍጹም ጨዋታ ሊባልለት። ሃያ ሰባተኛው ሰውዬ መታ፣ ሮጠ፣ ኳሷ ቀድማው ደረሰች። የአንደኛ ቤዝ ዳኛው ጂም ጆይስ ግን ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ደርሷል። ጆይስ ጀማሪ አልነበረም፤ በትልልቆቹ ሊጎች ከ20 ዓመት በላይ የቆየ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚያከብሩት፣ ቦታውን ይዞ የቆመ ሰው ነው። ከጨዋታው በኋላ ቪዲዮውን አየና ተሳስቻለሁ አለ፤ ወርዋሪውን አስጠርቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው። በማግስቱ ጆይስ ከሆም ፕሌት ጀርባ ሊዳኝ ሲወጣ የቡድኑን የስም ዝርዝር ይዞ የመጣለት ጋላራጋ ነው። ሰውየው በሕዝብ ፊት እንባውን ጠረገ። ውሳኔው አልተሻረም፤ እስከ ዛሬም በመዝገብ ላይ ደርሷል እንደተባለ ነው። ቪዲዮ አይቶ መመለስ በሰፊው የተፈቀደው በ2014 ነው። የኛ ልጆች ሜዳ ላይ ካሜራ ቢኖር የአክስት ስልክ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ጣት ይጋርደዋል።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። ዳኛ አውቆ የሚሠራው ስሕተት አለ። ከ10 ዓመት በታች ምድብ ሕጉ እንዳለ ቢተገበር ወርዋሪዋ ቦል፣ ቦል፣ ቦል፣ ቦል፤ መቺዎቹ በነጻ እየሄዱ፣ ሜዳ ላይ ያሉት አበባ እየለቀሙ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ዳኛው ያችን የአየር መስኮት ሰፋ ያደርጋታል። ከጨዋታው በፊትም ለአሠልጣኞቹ «ዛሬ ልጆቹ ይሰንዝሩ» ይላል። በትልልቆቹ ዘንድም ይህ ሰብአዊነት አይጠፋም፤ የባለሙያ ሊጎችን ውርወራ የመረመሩ ሰዎች ሦስት ቦል ሲሆን የዳኞቹ መስኮት እንደሚሰፋ፣ ሁለት ስትራይክ ሲሆን እንደሚጠብ አግኝተዋል። የመጨረሻውን ፍርድ መስጠት ይከብዳል መሰለኝ። እኔም አሰፋለሁ። ግን በጎን አንድ ኳስ ያህል እንጂ ከመቺዋ ራስ በላይ የሄደችውን ስትራይክ አልልም፤ ልጅቷ ያስተማሯትን አድርጋ፣ ታግሣ ቆማ፣ በማትደርስባት ኳስ ስትባረር ሕጉ ውሸት ነው ብላ ትሄዳለች። ለአንዱ ቡድን ያሰፋሁትንም ለሌላው ሳላሰፋ ብገኝ ያን ጊዜ ጩኹብኝ። እዚህ ላይ ከኔ ጋር የማይስማሙ ዳኞች አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ዳኛ «ሕግ ላስቲክ አይደለም» ይሉኛል። ልጆቹ አበባ ሲለቅሙ ግን አላዩም።

ስሕተት የሚመስል ትክክልም አለ። ሁለት አውት ሳይሞላ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ፣ ወይም ሦስቱም ላይ፣ ሯጮች ሳሉ ኳሷ በውስጠኛው ሜዳ ላይ ወደ ሰማይ ብትወጣ፣ ተጫዋቿ በቀላሉ የምትይዛት እስከሆነ ድረስ፣ መቺዋ ገና ኳሷ አየር ላይ ሳለች አውት ትባላለች። ቢጥሏትም አውት ናት። «ወድቃ እያያት!» እያለ ፀጉሩን የሚነጭ አባት በየሳምንቱ አለ። ሕጉ የተጻፈው ተንኮለኛ አውቃ እንዳትጥላትና ቤዛቸው ላይ የቆሙትን ሁለት ልጆች ባንዴ እንዳታስወጣ ነው። አያቴ ይህን ሕግ ብታውቅ ትወደው ነበር፤ ወጥመድ ከመዘርጋቱ በፊት የሚፈርድ ሕግ ነው።

አድልዎስ የለም ወይ? ከመካከላችሁ አንዲት እናት ባለፈው «ልጄ ጥቁር ስለሆነች ነው እንዲህ የሚፈርዱባት» ብላኛለች። ዛሬ እዚህ አለች። እኅቴ፣ አይደለም ብዬ ላጽናናሽ አልደፍርም። ግን ከአንዲት ስትራይክ አይታወቅም፤ ያቺ ስትራይክ ለኔም የማላውቃት ናት። ስንት ጨዋታ ላይ፣ የትኛው ዳኛ፣ በስንት ስትራይክ፣ ለሌሎቹስ መቺዎች እንዴት ነበር፤ ደብተር ያዢ። ተደጋጋሚ ነገር ካለው ከወር በኋላ ራሱ ይወጣል። ያኔ በጽሑፍ ለሊጉ ኃላፊዎች አመልክቺ፣ እኔም እፈርምልሻለሁ። በአጥር ጩኸት የቀረበ ክስ ግን የማይፈልጉሽን ሰዎች ደስ ከማሰኘት በቀር ምንም አያደርግም፤ «ጯሂዋ እናት» ብለው ይዘጉሻል።

ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ቤዝቦል ሊግ ራሱ ለሴቶች ልጆች የተከፈተው በሙግት ነው። በ1972 ኒው ጀርሲ፣ ሆቦከን ውስጥ ማሪያ ፔፒ የተባለች የ12 ዓመት ልጅ ከወንዶች ጋር በሊትል ሊግ ሦስት ጨዋታ ተጫውታ ሴት ነሽ ተብላ ወጣች። ጉዳዩ ለሲቪል መብት አጣሪ ቀረበ፤ ሲልቪያ ፕረስለር የተባሉት መርማሪ ለሴት ልጆቹ ፈረዱ፤ በ1974 ሊትል ሊግ ሴቶችን ተቀበለ፣ በዚያው ዓመት የሶፍትቦል ውድድሩንም ጀመረ። ማሪያ ያኔ ዕድሜዋ አልፎ ነበር፤ አልተጫወተችም። በዚያው በኒው ጀርሲ፣ ዴፕትፎርድ ላይ ደግሞ በ2023 ስድቡ የመረራቸው ዳኞች ሲለቁ ሊጉ አንድ ደንብ አወጣ፤ ዳኛ የተሳደበ ወላጅ ሦስት ጨዋታ ራሱ ሳይዳኝ ሜዳው አጠገብ አይደርስም። ብልህ ቅጣት ነው። የኔ ቅሬታ ከስድቡ በኋላ መምጣቱ ብቻ ነው።

ዳኞች መልቀቃቸውም ቀልድ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ፌዴሬሽን ከ2018 የውድድር ዘመን ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት 50 ሺህ ያህል ዳኞች እንደጠፉ ገልጿል። ቦታቸውን የሚይዘው ማነው? የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ በአማርኛ ዳኛውን ሲያብጠለጥል ቆየ። አማርኛ አስተማማኝ ነው፤ ማን ይሰማል ብሎ። በኢኒንግ መካከል ዳኛው ጭንብሉን ገፋ አድርጎ ወደ አጥሩ መጣ። ቀይ ዳማ የሐበሻ ልጅ፣ ገና ጢም ያላወጣ። «ጋሼ» አለው በተሰባበረ አማርኛ፣ «እናቴን አትስደባት፤ እኔን ብቻ።»

እንግዲህ ቡናው ሲቀርብ ይሸታል፤ እኔም ልቁም። ውጭ ፓርኪንጉ ላይ በነጭ ፕላስተር 17 ኢንች ለክቼ ሆም ፕሌት ሠርቻለሁ፤ ከሱም 40 ጫማ ቆጥሬ መስመር አስምሬያለሁ። ጭንብሉና የደረቱ መከላከያ መኪናዬ ውስጥ ናቸው። ልጄ አሁን አሥራ አምስት ሆናለች፤ ኳሷ የስፖንጅ ናት፣ አትፍሩ፣ አታምም። አሥር ትወረውርላችኋለች፣ አሥሩንም ትፈርዳላችሁ፤ የምትፈርዱትን እሷ ትጽፋለች፣ ከጎን የተቀመጡት ደግሞ እንደ ልማዳቸው ይጮኻሉ። በሦስተኛው ረድፍ ያለው ወዳጄ መጀመሪያ ይቁምልኝ።